ጡፈይል ዘሠርግ

ኢራቅ ውስጥ ኩፋ በምትባል ከተማ ጡፈይል የሚሉት ሰው ነበረ። ጠሩት አልጠሩት ሠርግ አያልፈውም፤ ድግስ ከሸተተው ከች ነው። «የሠርጎች ጡፈይል» ተብሎ ስም ወጣለት። ሰውዬው ሞተ፣ ስሙ ግን ቃል ሆኖ ቀረ፤ ዐረቦች ሳይጠራ ማዕድ ላይ የሚሰየመውን ሰው እስከ ዛሬ «ጡፈይሊ» ይሉታል።

አስማዒ የተባለው የቋንቋ ሊቅ በበኩሉ ቃሉ የመጣው በቀን ላይ ከሚደረበው የምሽት ጨለማ ነው ብሏል። ምሽት የጥሪ ካርድ ሲጠየቅ አይቼ ስለማላውቅ ይህም ደስ ይለኛል። ልቤ ግን ከኩፋው ሰው ጋር ነው።

ጡፈይል ሙያውን ለባልንጀሮቹ ያስተማረ ሰው ነው። ምክሩን ካቆዩልን አንዱ እ.ኤ.አ. በ1071 ያረፈው አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ ነው። የእስልምና ሐዲስ ሊቅ፣ ከባግዳድ ጋር የተያያዙ ከ7,000 በላይ ሰዎችን ታሪክ የመዘገበ ቁም ነገረኛ! ይህ ቁም ነገረኛ ቁጭ ብሎ ስላልተጠሩ እንግዶች አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። የጡፈይል ምክር ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሠርግ ቤት ስትገባ እንደ ተጠርጣሪ ወዲያ ወዲህ አትገላመጥ። ሰው ከበዛ ዝም ብለህ እለፍ፤ የሙሽራው ቤተ ዘመድ የሙሽሪት ወገን ነህ ይልሃል፣ የሙሽሪትም የሙሽራው። በረኛው አስቸጋሪ ከሆነ ቀድመህ እዘዘው፤ ግን በለዘብታ።

ይህን ሳነብ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ አንድ አዳራሽ በር ላይ ካርድ ተቀባይ ሆኜ ቆሜያለሁ። አንድ ባለ ከረባት ጎልማሳ መጣ። «ካርድ ይዘዋል?» ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «አንተ ልጅ፣ እዚህ ምን ይገትርሃል? እነ ጋሼ ፀሐይ ላይ ቆመዋል እኮ! በል ወንበር አውጣላቸው፣ የኔ ጌታ።» ወንበር ተሸክሜ ወጣሁ። ደጅ ላይ እነ ጋሼ የሚባሉ የሉም። ስመለስ ሰውዬው ሥጋ ቆራጩን «ከጎድን በኩል ጨመር አድርግበት» እያለ ያዛል።

በኋላ ሁለቱ ቤተሰብ ተሰብስቦ ቪዲዮው ሲታይ ባለ ከረባቱ ከሚዜዎቹ መሀል እስክስታ ይወርዳል። አክስቴ «እኚህ የእናንተ ዘመድ እንዴት ያሉ ተጫዋች ናቸው!» አለች። የሙሽራው እናት ደነገጡ። «እኔ እኮ የእርስዎ ወንድም መስለውኝ ሁለቴ አጎረስኳቸው!»

እኛም ለእንዲህ ያለው ሰው ስም አልቸገረንም። ቀላዋጭ አለን፣ ጥልቅ ብዬም አለን። ቀላዋጭ ግን ወጉን ያውቃል፤ በምሳ ሰዓት «እንዲያው ልያችሁ ብዬ» ብሎ ብቅ ይላል፣ እንብላ እስኪሉት ይጠብቃል፣ «አሁን በልቼ መምጣቴ ነው» ብሎ ይግደረደራል። ጥልቅ ብዬ መግደርደር አያውቅም። ወሬም ይሁን ሠርግ፣ ወንዝ እንዳገኘ ዋናተኛ ዘሎ ነው የሚገባው። ይበልጥ የሚያስቀኝ ግን ቃሉ ራሱ «እኔ» ማለቱ ነው። «ጥልቅ ባይ» ማለት እያለልን «ጥልቅ ብዬ» ብለን ሰውዬውን በገዛ አፉ አናዘዝነው።

ለነገሩ ዳስ ተጥሎ ሰፈሩ ሁሉ ሲበላ፣ አላፊ አግዳሚውም «ግባ» ሲባል፣ ሳይጠራ መጣ የሚባለው ማን ነበር? ጥልቅ ብዬን ከሠርግ ቤት ያጣላው በሰው ቁጥር የሚከፈልበት አዳራሽ ይመስለኛል።

ከሁሉም ያሳዘነኝ የጡፈይል መጨረሻ ነው። በዛሬ ዐረብኛ ሐኪሞች ጥገኛ ተሕዋስያንን «ጡፈይሊያት» ይሏቸዋል። ያ ሁሉ ሠርግ ያደመቀ ሰው ከወስፋት ጋር ሞክሼ ሆኖ ቀረ! ሲርበን «ወስፋቴ ጮኸ» የምንል ሰዎች ዝምድናው አይጠፋንም። ወስፋትም ቢሆን ሆዳችን የሚገባው ማን ጠርቶት ነው?