በኢሞጂ የጸደቀ ወጪ

በባለሀብትና በጀማሪ ነጋዴ መካከል መተማመን የሚፈጠረው በሒሳብ መዝገብ ነው የሚል የዋህ ካለ ኤፍቲኤክስን ይጠይቅ። ይህ የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ 32 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር። መሥራቹ ሳም ባንክማን-ፍሪድ ለባለሀብቱ ድርጅት ለሴኮያ ካፒታል ሰዎች በቪዲዮ ሥራውን ሲያስረዳ ጎን ለጎን የኮምፒውተር ጌም ይጫወት ነበር። ይህን ያወራበት ምቀኛ አይደለም፤ ሴኮያ ራሱ ነው፣ ያውም በአድናቆት። ብር እየጠየቀ ጨዋታ ያላቋረጠ ሰው ሊቅ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱበት። በኖቬምበር ድርጅቱ ሲከስር ሴኮያ ያንን ገንዘብ ዜሮ ብሎ መዘገበ። የከሰረውን የኤንሮን ኩባንያ ፍርስራሽ ያጸዳው ጆን ሬይ ተጠርቶ ሲገባ ደግሞ አለቆች የሠራተኛን ወጪ በቻት፣ በኢሞጂ ያጸድቁ እንደነበር አገኘ። ከእህት ኩባንያዎቹ ብዙዎቹም የቦርድ ስብሰባ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር።

ጀማሪ ድርጅት ያለ አደጋ አይሆንም፣ መክሰርም ያለ ነው ይባላል። ልክ ነው፤ ግን ንግድ መክሰሩና የደንበኛ ገንዘብ መበላቱ ለየቅል ናቸው፤ መሥራቹን 25 ዓመት ያስፈረደበትም ሁለተኛው ነው። ጥያቄ ማብዛት መሥራቹን ያስቀይማል የሚሉም አሉ። የሰፈር እቁብ ዳኛ ዕጣ የወጣለትን የዕድሜ ልክ ጎረቤቱን «ዋስ ጥራ» ይለዋል፤ የተቀየመ የለም። «ጎበዙ መሥራች ታዲያ ወደ ሌላ ባለሀብት ይሄድብናል» ይሉናል። ይሂዳ! ያ ሁሉ ሚሊዮን ከሌላ ሰው ኪስ ይወጣ ነበር።