እግሩ የማይረጋ

ቡራዩ ውስጥ አንድ ቆራሌ ሚዛን ላይ ሊያወጣው ሲል ደረስኩ። አቧራ የጠገበ ጥቁር ብረት ነው፤ ክንዱ እንደ ጎረምሳ ቀጭን። ዝገቱን በአውራ ጣቴ ሳሽው «ሲን…» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ልቤ ከዚያ ወዲያ የኔ አልነበረም፤ የጫማ ሰፊዎች የስፌት መኪና፣ ሲንጀር 29ኬ!

«በኪሎ ነው በቁም?» አለኝ ቆራሌው። በቁም ገዛሁት። በኪሎ ቢሆን ይረክስ ነበር።

ሰበታ ስገባ ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«መልሰው!»

«የት ልመልሰው? ኬ ማለት እኮ ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ የነበረው የኪልቦዊ ፋብሪካ ነው፤ በ1972 ዓ.ም. ተዘግቷል።»

«ፋብሪካው እንኳ ገብቶት ትቶታል» ብላ ቡናዋን ልትቆላ ገባች።

የዚህ መኪና ጉዱ እግሩ ላይ ነው። የልብስ መኪና ጨርቁን ከታች ባሉ ጥርሶች ይገፋል። ይሄኛው ቆዳውን ከላይ በእግሩ ነክሶ ይጎትታል፤ እግሩም 360 ዲግሪ ይዞራል። ጫማው ሳይዞር ወደ ግራም፣ ወደ ኋላም ይሰፋል። ያ ቀጭን ክንድ ደግሞ እስከ ጫማው አፍንጫ ይገባል።

«እግሩ አንድ ቦታ የማይረጋ! ካንተ ጋር ትግባባላችሁ» አለች።

ሁለት ሳምንት ነጭ ጋዝ ስቀባው ቤታችን የኩራዝ ዘመን ሸተተ። ሁለት ካቻቢቴ ሰበርኩ። አንድ ሌሊት መዘውሩ «ቂ…ው» ብሎ ሩብ ዞረ። እልል ልል ነበር፤ ልጆቹ ተኝተዋል።

ክንዱን ስከፍት ጉዱ ወጣ። የታችኛውን ክር የያዘችውን ማመላለሻ ወዲያና ወዲህ የሚያስኬደው ጥርሳም ዘንግ ተበልቷል። እሱ ሲላላ ማመላለሻዋ የመርፌውን ክር በሰዓቱ አታገኘውም፤ ስፌቱ ይዘላል።

የማምነው ቶርኖ ቤት ያለው ሱሉልታ ነው። ካርታ ላይ ሦስቱም ጎረቤታሞች ናቸው፤ ዛሬማ ሁሉም ሸገር ከተማ ተብለዋል። ታክሲ ግን ካርታ አያነብም። ሰበታ የጅማ መንገድ ላይ፣ ቡራዩ የአምቦ፣ ሱሉልታ የጎጃም! ለጥቂት ጥርስ ብዬ አየር ጤና ወርጄ፣ መርካቶ ተጋፍቼ፣ አዲሱ ገበያ ተሰልፌ እንጦጦን ተሻገርኩ። ባለሙያው የተበላውን በብየዳ ሞልቶ በሞረድ ጥርስ አወጣለት። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ የትራንስፖርቱን ሂሳብ ባለቤቴ እንዳትሰማ።

በሦስተኛው ጉዞ መኪናውን ራሱን ተሸክሜ ሄድኩ። የኮርቻ ጠፍር የተበጠሰባቸው ሽማግሌ ፈረሳቸውን እንደያዙ ቆመው አዩት።

«ይሰፋል?»

«በሁሉም አቅጣጫ፣ አባባ!»

«ልጄ፣ ለኔ አንዱ ይበቃኛል።»

ጠፍሩን አስገባሁ፤ መዘውሩን አዞርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስፌት፣ እንደ ጥርስ የተደረደረ! በአራተኛው መርፌው ቀጭ አለ። ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። የልብስ መኪና መርፌ ደግሞ አይገጥመውም። ሽማግሌው ምንም ሳይሉ ወስፌያቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

እሁድ ከሰዓት ሰበታ፣ ቤቴ አለሁ። የተቀደደ ጫማ ያላችሁ ኑ፤ መርፌ ግን ይዛችሁ።