በጉማሬ ሰዓት

ለእትዬ የተመኘንላት እረፍት ቀላል ነበር። ዕድሜዋን በነርስነት ሌሊት ስትነቃ የኖረች ታላቅ እህታችን ጡረታ ስትወጣ፣ ስልክ የማይጮህበት፣ «ሲስተር!» የሚል ድምፅ የማይሰማበት ውኃ ዳር ወስደን ልናስቀምጣት አሰብን። ላንጋኖ ያለም ነበር፣ ሐዋሳ ያለም አልጠፋም። እሷ ግን «አዞ በዓይኔ ሳላይ አልሞትም» አለችና ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ። አዞ ከተባለ የጫሞ ሐይቅ ነው።

ዕቅዱን ማውጣት የእኔ ድርሻ ሆነ። ዓርብ ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነስተን በቡታጅራና በሆሳዕና አድርገን ማምሻችንን አርባ ምንጭ መግባት፤ ቅዳሜ ጠዋት በጀልባ ጫሞ ላይ መውጣት፤ ከዚያ በኋላ ምንም። በረንዳ ላይ ቡና መጠጣት፣ የዓሣ ኮተሌት መብላት፣ ወፍ ማየት። አገሩ ቆላ ስለሆነ አልጋው አጎበር እንዳለው በስልክ ጠየቅሁ፤ ባይናኩላር ከጓደኛ ተዋስኩ። ጠዋትን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አዞ የሰውነቱን ሙቀት ከውጭ የሚያገኝ እንስሳ ነው። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳልፎ ጠዋት ዳር ይወጣና ፀሐይ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ሲበዛበት አፉን ከፍቶ ይቀመጣል። ሐይቁም ጠዋት ጸጥ ይላል።

ሶዶ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን ጎማ ፈነዳ። ቀይረን ከተማ ስንገባ ደግሞ የነዳጁ ሰልፍ ከማደያው ወጥቶ አስፋልቱን ይዟል። ተራችን ሲደርስ መሽቶ ስለነበር እዚያው አደርን። በማግስቱ አርባ ምንጭ ስንደርስ የያዝነው ጀልባ ሌሎች እንግዶች ጭኖ ሄዷል፤ እኛ ለዘጠኝ ሰዓት ተዛወርን።

የቀረንን ሰዓት ሁለቱን ሐይቆች ከላይ ሆነን በማየት አሳለፍነው። አባያ ከሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ወንዞች ከደጋው ጠርገው በሚያመጡት ደለል የቀላ ውኃ ነው። ከእሱ አነስ የሚለው ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ጋራ ተጋድሟል፤ ከማዶ የነጭ ሳር ፓርክ ሜዳ ይታያል፣ የሜዳ አህያ የሚግጥበት። ለእትዬ ስለዚያ ሜዳ የማውቀውን አንድ ነገር ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1990 ለጥናት የመጡ ሰዎች በፓርኩ መንገድ ላይ መኪና የገጫት ወፍ አገኙ፤ ከአካሏ ሊወሰድ የቻለው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ሌሊት የምትበር ወፍ ነበረች። ክንፉ ከሚታወቁት ዘመዶቿ ከአንዱም ጋር ስላልገጠመ፣ በ1995 በዚያ ክንፍ ብቻ ተመዝግባ የራሷን ሳይንሳዊ ስም አገኘች። እትዬ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ሜዳውን አየችና «አንድ መኪና ባያልፍ ኖሮ መኖሯንም አናውቅም ነበር ማለት ነው» አለች። እኔም ከዚያ ወዲህ በፓርክ ውስጥ በፍጥነት የሚነዳ ሰው ሳይ ያቺ ወፍ ትታወሰኛለች።

በዘጠኝ ሰዓት ላይፍ ጃኬታችንን አጥልቀን ተነሳን። ካፒቴናችን ቀጭን፣ ንግግሩ የተቆጠበ ወጣት ነው። ነፋሱ ተነስቶ ማዕበሉ ጀልባዋን በጎን ይመታት ጀመር። «ዛሬ እስከ አዞ ገበያ አንደርስም» አለ። አዞዎቹ ተሰብስበው የሚተኙበትን ዳርቻ እዚያ እንዲህ ነው የሚሉት። በምትኩ ነፋስ ወደማይመታው ወደ ፊላው ጥግ ወሰደን፤ ጉማሬዎች ነበሩ። ጆሮና አፍንጫቸው ብቻ ከውኃው በላይ፣ ከመካከላቸው አንዷ ግልገል በጎኗ የያዘች። ካፒቴኑ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ርቀቱን ጠበቀ።

ሌላ ጀልባ ከበስተኋላችን መጣ። ተሳፋሪዎቹ ስልካቸውን ዘርግተው «ጠጋ በል! ትንሽ ጠጋ በል!» ይላሉ። ነጂው ጠጋ አለ። እናቲቱ አፏን በሰፊው ከፈተች፤ ይሄ ማዛጋት እንዳይመስላችሁ፣ ማስጠንቀቂያ ነው። ቀጥሎ ሁሉም ሰመጡ። ካፒቴናችን አንድ ቃል ሳይናገር ወደ ኋላ ዞረና ከፊላው ሥር ሊያወጣን ሲል ሞተሩ አንድ ጊዜ አጉረምርሞ ቀጥ አለ። ያኛው ጀልባ ምንም ሳያይ ሄደ።

ካፒቴኑ ሞተሩን አንስቶ አየው። ፕሮፔለሩ ላይ የናይለን መረብ ተጠምጥሟል። «እጃችሁን ውኃ ውስጥ እንዳታስገቡ፤ እናቴ፣ እርስዎ ከመቀመጫዎ አይነሱ» አለ። እጅ መንከር እዚያ አገር ቀልድ አይደለም፤ በ2010 ዓ.ም. በአባያ ዳር ምእመናን ሲያጠምቁ የነበሩ ፓስተር በአዞ ተነጥቀው ሞተዋል። ቢላው የደነዘ ነበርና መረቡን መፈተግ እንጂ መቁረጥ አልቻለም። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ጉማሬ ቆዳው በፀሐይ ቶሎ ስለሚደርቅ ቀኑን ውኃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ወደ ዳር ወጥቶ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ሳር ይግጣል። የቆምንበት ደግሞ መውጫቸው ላይ ነበር። እነሱ ቦታ አልለወጡም፤ ሰዓቱ ነው የደረሰባቸው።

እትዬ ቦርሳዋን ከፈተችና ጫፉ የጎበጠ የፋሻ መቀስ አወጣች። ከሥራ ስትሰናበት ያልመለሰችው እሱን ብቻ ነው። «ልጄ፣ በዚህ ሞክር» አለችው፤ የስልኳን መብራት አብርታም ያዘችለት። እጇ አልተንቀጠቀጠም። መረቡ ክር በክር ተለቀቀ፤ ከመጨረሻው ጥምጥም ውስጥ መዳፍ የማትሞላ ቆሮሶ ነፍሷ ሳይወጣ ተገኘች። ካፒቴኑ ቀዳዳውን በጣቱ እየለካ አሳየን፤ ትንሹ ጣቱ በጭንቅ ነው የሚያልፈው። «ዓሣው የሚያድገው እዚህ ፊላ ውስጥ ነው፤ ሳያድግ ይወስዱታል» አለ። ጫሞ በነጭ ዓሣው የተመሰገነ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ አስጋሪው ራሱ ዓሣው እንዳነሰ ይናገራል። እትዬ ቆሮሶዋን ለካፒቴኑ ሰጠችው፤ እሱም በባልዲ ጠልቆ ወደ ሐይቁ መለሳት። ሞተሩ ሲነሳ ከኋላችን ከባድ ትንፋሽ ተሰማ፤ ከዚያ ሌላ። ወደብ የደረስነው ጨልሞ ነው።

እሑድ በረንዳ የሚባል ነገር ቀረ። እትዬ ከሁላችን ቀድማ ተነስታ በር አንኳኳች። ጠዋት ሐይቁ ለጥ ብሎ ተኝቷል፤ ያው ካፒቴን ወሰደን። አዞ ገበያ ላይ አንዱ ርዝመቱ ጀልባችንን የሚያህል አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ የጉሮሮው ውስጥ ፈዛዛ ቢጫ ነው፣ አፉ ተከፍቶ ሳለ አንዲት ዝንብ ጥርሱ ላይ ትሄዳለች። ካፒቴኑ በሹክሹክታ እንዳስረዳን እናት አዞ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ሦስት ወር ያህል ትጠብቃለች፤ ጫጩቶቹ ከውስጥ ሲጮኹ አሸዋውን ገልጣ በዚያው በሚያስፈራው አፏ ተሸክማ ውኃ ውስጥ ታስገባቸዋለች። እትዬ ይህንን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዕድሜዋን ሕፃናት ስትቀበል ኖራለችና አልገረመኝም።

ጫሞን ልታዩ የምታስቡ ሁሉ ለመንገዱ አንድ ትርፍ ቀን ያዙ፤ ጀልባውን ለጠዋት ያዙ፤ ነፋስ ከተነሳና ካፒቴኑ «ይቅር» ካለ እሺ በሉት። ከሁሉም በላይ ግን «ጠጋ በል» አትበሉት። ለእናንተ ደስታ ሲል እምቢ ማለት ይከብደዋል። ግልገል የያዘች ጉማሬ ካያችሁ ደግሞ ዞር በሉላት።