ግልባጭ፦ ለእምዬ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቷልና ትምህርት ቤቶች ይዘጉ ሲባል ደስ ያለኝ የደብረ ታቦር አባት እኔ ነኝ። ምን ልሸሽግ! ስንት ዓመት ሙሉ በየጠላ ቤቱ «የዛሬ ልጅ እኮ አንድ ደብዳቤ አሟልቶ አይጽፍም» እያልኩ ስፈርድ ኖሬአለሁ። ይኸው ሦስቱም እጄ ላይ ወደቁ፤ ትልቋ ሰባተኛ ክፍል፣ ወንዱ ሦስተኛ፣ ማሚቴ ገና ሀ ሁ ላይ።

መጀመሪያ ለሦስቱም የሚሆን አንድ የአማርኛ ጽሕፈት መጽሐፍ ፍለጋ ወጣሁ። መጽሐፍ ሻጩ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ጋሼ፣ ለሦስቱም ልክ የሚሆን አንድ ጫማ አይተው ያውቃሉ?» አለኝ። ስለዚህ ለየብቻ ያዝኩላቸው። ለማሚቴ የተስፋ ገብረ ሥላሴን ፊደል፣ ለወንዱ የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ»፣ ለትልቋ ደግሞ በ1987 የታተመውን የባየ ይማምን «የአማርኛ ሰዋስው»። ይኼ የመጨረሻው የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ልጄን አክብሬ ነው። ሁለት ገጽ አንብባ ቀና አለችና «አባዬ፣ ይኼ ስለ አማርኛ ነው ወይስ ስለ ሒሳብ?» አለች። እኔም ገለጥ አድርጌ አየሁትና ሻይ ላፈላ ተነሣሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ፊደል አጣላን። ወንዱ «ፀሐይ» ጻፍ ቢባል ጸሀይ ብሎ ጻፈ፤ እኅቱ ሣቀችበት፤ እሱም «ሲነበብ ያው አይደለም?» ብሎ ሞገተ። ዳኛ ሆኜ ልገላግል ብዬ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ሁለቱ ጸ፣ ሀ ሐ ኀ ከነራብዓቸው ስድስት ሆነው ሲባዙ፣ አንዲቱ ቃል 12 ዓይነት ትጻፋለች። የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ብጠቅስ፣ ትልቋ የሀዲስ አለማየሁን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዳ የደራሲውን ስም አሳየችኝ፤ እሳቸው ራሳቸው በሐመሩ ሐ አልጻፉትም። ክርክሩ እስከ ሐምሌ ዘለቀ። ጉና በጉም ተሸፍኖ፣ ብርዱ አጥንት እየሰበረ፣ ወረቀታችን ላይ 12 ፀሐይ፣ ሰማዩ ላይ አንድም።

ግራ ሲገባኝ የሰፈራችን የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ደቡብ ጎንደር መቼም የትምህርት አገር ነው፤ ድጓ የሚያስመሰክር ቤተ ልሔም ይወርዳል፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አባ ይሄዳል። ለሦስት ልጅ አማርኛ የሚያስመሰክር ጉባኤ ግን አልተተከለም። «የኔታ፣ ዕድሜያቸው እንዲህ የተራራቀውን እርስዎ እንዴት ያስተምሯቸዋል?» አልኳቸው።

«እኔ የማስተምረው አንዱን ነው። እሱ ታናሹን ያስተምራል፣ ያም ከሱ በታች ያለውን።»

«ጽሕፈቱንስ?»

«ጽሕፈት? ብራና ልታስፍቃቸው ነው እንዴ?» ብለው ሣቁብኝ። እውነታቸውን ነው። በድሮው ሥርዓት ማንበብና መጻፍ አንድ ላይ አይሄዱም፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ ጸሐፊ አልነበረም፣ ቁም ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ምክራቸውን ግን ሞከርኩት። ትልቋ ወንዱን፣ ወንዱ ማሚቴን እንዲያስተምር አዘዝኩና ጋደም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ማሚቴን ስፈትናት ከወንድሟ አጥርታ የተማረችው «ዝም በይ» ማለትን ነበር።

ማታ ማታ ደግሞ እናቴ አለች፤ ልጆቹ እምዬ የሚሏት። ፊደል አልቆጠረችም፤ እንቆቅልሽ ላይ ግን የሚችላት የለም። ምድጃ ዳር ሰብስባ ትጠይቃቸዋለች፣ ያቃተው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ወንዱ ቶሎ ስለሚሸነፍ መጀመሪያ ጎንደርን ሰጠ፣ ቀጥሎ ፋርጣን፣ እስቴን፣ ስማዳን፣ እብናትን። ፎገራን ከነሩዙ ሲያስረክብ አላስቻለኝም፤ በሁለት ሌሊት ዞኑ በሙሉ በእምዬ እጅ ገባ። «እማ፣ ይኼን በደብተር ይጻፉት እንጂ» ብላት፣ «የተጻፈ እንቆቅልሽማ መልሱ ከኋላ ይገኛል፤ ታዲያ ምኑ ያደክማቸዋል?» አለችኝ።

መፍትሔው የተገኘው ፍርድ ቤት አጥር ሥር ነው። እዚያ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው አለ። አንድ ቀን ከዝናብ ልጠለል ብዬ አጠገቡ ቆምኩ። አንድ ገበሬ ስለ ድንበር ተጀምሮ በአጎቱ ሠርግ በኩል ዞሮ ስለ ጠፋ በሬው የሚያልቅ ታሪክ ነገረው። ጸሐፊው እስከ መጨረሻው ሰምቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ «እሺ፣ አሁን ምን ይደረግልህ?» ከዚያ ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ፣ ፍሬ ነገሩ፣ ግልባጭ፤ አለቀ፣ አንድ ገጽ። እኔ በአራት ወር ያላስተማርኩትን ድርሰት በሩብ ሰዓት አየሁት።

ቤት ገብቼ አወጅኩ፤ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት የቃል ጥያቄ አይስተናገድም።»

ይኼ ለሁሉም ዕድሜ ሆነ። ወንዱ በማግስቱ «ጉዳዩ፦ ቆሎው ከምን ጊዜውም በላይ ማነሱን ስለማሳወቅ» የሚል ይዞ መጣ። ማሚቴ የምትፈልገውን ትሥለዋለች፤ ፊርማ ስለሌላት እምዬ አውራ ጣቷን ምጣድ ጥላሸት ላይ አስነክራ ማስፈረም አስተማረቻት። ትልቋ ግልባጭ ማድረግ ስለወደደች እያንዳንዱ ወረቀት ለእናቷ፣ ለእምዬና ለድመቷ ይደርሳል። ባለቤቴ ሳትቀር «ጉዳዩ፦ የበርበሬ መግዣ በወቅቱ ስላለመለቀቁ» ብላ ከነማሳሰቢያው አስገባች።

ያልጠበቅሁት የራሴን ነገር ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አልጋዬ ላይ ተኝቼ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እያልኩ ማስመለስ ጀመርኩ። ጥግ ላይ «ይታያል» ብዬ እመራና መሳቢያ ውስጥ እከተዋለሁ። መሳቢያው ጠበበ።

መሳቢያው ሳይጎድል ከከተማችን ዳር ጋፋት ወሰድኳቸው፤ ታሪክም ሳይቀርባቸው ብዬ። አፄ ቴዎድሮስ ጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ እንደጻፉ፣ ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ፋይል ውስጥ እንደተኛ፣ በጊዜው መልስ የሰጠ ሰው እንዳልነበር፣ የእንግሊዙ ቆንስል እንደታሰረና ነገሩ እየከረረ እንደሄደ ነገርኳቸው። ሴባስቶፖል እዚችው ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ መድፍ፣ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል እንደተጎተተም ጨመርኩ። ትልቋ ማስታወሻ ስትይዝ አይቼ ኮራሁ።

ነሐሴ 5 ቀን አንድ ማመልከቻ ገባ።

«ጉዳዩ፦ ለቡሄ ጅራፍ መግመጃ የሚሆን ቃጫ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ። ባለፈው ዓመት ጆሮ የተነካው በስሕተት ስለሆነ እንደ ጥፋት እንዳይቆጠርብን። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ከዚህ ቀደም አንድ ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ከከተማችን መድፍ እስከ መቅደላ ተጎትቷል። እኛ ግን ያን ያህል ሩቅ አንሄድም።»

ከሥሩ ሁለት ፊርማና አንዲት ትንሽ የጥላሸት አሻራ። ጆሮው የኔ ስለነበር ፈገግ ብዬ «ይታያል» አልኩና መሳቢያውን በጉልበቴ ገፍቼ ዘጋሁት።

ነሐሴ 13 ሊነጋጋ ሲል መስኮቴ ሥር ጧ! አለ። ከአልጋ ወደቅሁ። ደግሞ ጧ! ጋቢዬን እየጎተትኩ ስወጣ ወንዱ ጅራፉን ይጠቀልላል፣ ማሚቴ ሙልሙል ይዛ ታጨበጭባለች።

«ማን ፈቀደላችሁ?» አልኩ።

ትልቋ ምንም ሳትናገር የእምዬን ግልባጭ ዘረጋችልኝ። ከትንሿ አሻራ ጎን አንድ ትልቅ፣ የተሰነጣጠቀ፣ እንደ ማኅተም የደመቀ የአውራ ጣት አሻራ አርፎበታል።