ለእንግዳ የሚሰጥ ሥራ

አቃቂ ከሕንዶች ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። የጨርቃ ጨርቁን ፋብሪካ በ1950ዎቹ በሽርክና ያቋቋሙት ሕንዶች ናቸው፤ በ1967 ደርግ እስኪወርሰው ድረስም እጃቸው ነበረበት። በዚያው ዘመን ከሕንድ ኬረላ የመጡ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትነው ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ያኔ የተማሩ ትልልቅ ሰዎች ሲያወጉ አንድ የሕንድ መምህር ሳይነሣ አይቀርም። የሚነሣው ግን ትምህርቱና ቁጣው ነው። ያ ሰው ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት እንዴት ይገዛ እንደነበር፣ ሲታመም ማን ውኃ እንዳቀበለው የሚያወራ ብዙም አላጋጠመኝም።

እኔን የሚከነክነኝ ይኼኛው ነው፤ ምክንያትም አለኝ።

ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ነፃነቷን ስታውጅ እንግሊዝኛን የሥራ ቋንቋ አደረገች። በዐረብኛ ተምረው በዐረብኛ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህራን ተቸገሩ፤ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከእኛ አገር የሄደ መምህር ተፈላጊ ሆነ። እኔም ከአቃቂ ተነሥቼ ጁባ ገባሁ። ክፍል ስገባ ተማሪው ብድግ ይልልኛል። ከትምህርት ቤቱ በር ስወጣ ግን ቲማቲም ለመግዛት በጣቴ የምጠቁም፣ የጁባን ዐረብኛ የማልሰማ፣ ማታ ወደ ቤቴ የሚወስደውን መንገድ የምጠራጠር ሰው ነበርኩ። በባዕድ አገር ማስተማር የሚያደክመው በዚህ ነው፤ ጠዋት አዋቂ፣ ከሰዓት ሕፃን ትሆናለህ።

ከዚያ ወባ ያዘኝ። ደመወዝ የዘገየበት ወር ነበርና ለመድኃኒት የሚሆን ሳንቲም በእጄ የለም። በረንዳ ላይ ተኮራምቼ ስንቀጠቀጥ የአጥር ጎረቤቴ፣ እስከዚያ ቀን በአንገት ብቻ ሰላምታ የምንለዋወጥ ሰው፣ ብቅ ብሎ «ምን ሆንክ ወንድሜ?» አለኝ፤ በአማርኛ! ልጅነቱን ያሳለፈው ጋምቤላ፣ ኢታንግ በነበረው ትልቁ የስደተኞች ሰፈር ነው። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ሰፈሩ ተበትኖ ከወገኖቹ ጋር በእግሩ ወደ ሱዳን እስኪመለስ ድረስ እዚያ ነው ያደገው። ከአበሻ ልጆች ጋር ባሮ ወንዝ ሲዋኝ ነው አማርኛውን የለመደው።

ሐኪም ቤት ወሰደኝ፣ መድኃኒቱን ገዛ፣ ሾርባ አስላከ። ብሩን እንደምመልስለት ስምል ስገዘት ዝም ብሎ አዳመጠኝና «ሲሻልህ ማታ ማታ ልጆቼን እንግሊዝኛ ታስጠናለህ፤ ይኼ ቅድሚያ ክፍያህ ነው» አለ። ድኜ የልጆቹን ደብተር ስገልጥ የእኔ እርዳታ እምብዛም እንደማያስፈልጋቸው አየሁ። እንግሊዝኛቸው የተጣራ ነበር። ሰውየው ይህን አጥቶት አይደለም። ቤቱ አንገቴን ደፍቼ እንድገባ አልፈለገም፤ እኔም ከዚያ በኋላ ማታ ማታ የገባሁት በመምህርነቴ ነው።

እኛ እንግዳ እናከብራለን፤ ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። በ1955 የትምህርት ዘመን ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ለማስተማር ሲመጡ ብዙዎቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ ነበሩ። ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ ኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆኗል። የማያውቁት ከተማ የገቡ እነዚያ ልጆች ሰው ባይቀበላቸው ኖሮ አንድ ዓመትም ባልቆዩ ነበር። ግን አንድ ነገር ይጎድለናል እላለሁ። እንግዳን ማብላት እንጂ ማሠራት አንወድም። «ቁጭ በይ፣ አንቺ አትነሺ፣ አፈር ስሆን ጉረሺ!» እንላለን። አንድ ቀን ደስ ይላል። ወር ሙሉ እንዲህ የተቀመጠ ሰው ግን እጁን የሚያደርግበት ያጣል፤ ጁባ ላይ አውቄዋለሁ።

ከጁባ ከተመለስኩ በኋላ፣ ባለፈው ክረምት መውጫ ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። መሐሉ ላይ አንዲት ወጣት ሕንዳዊት ቆማ ታለቅሳለች። ከኬረላ መጥታ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ከሳሪስ የመጣችበት ሚኒባስ ቦርሳዋን ይዞ ሄዷል። ፓስፖርቷ፣ ስልኳ፣ ያላረመችው የተማሪዎች ፈተና፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፤ አንዱ ወደ ቱሉ ዲምቱ ነው የሄደው ይላል፣ ሌላው የለም ወደ አቃቂ ነው ይላል። ተራ አስከባሪው ታርጋውን ባይዝም ሹፌሩን አወቀው። ተደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው።

አንድ ረዳት የራሱን ሥራ ትቶ «ጋራዡን አውቀዋለሁ፣ እንሂድ መምህር» አለኝ። ዝናቡ ያን ሰዓት ወረደ። መንገዱ ተጨናንቆ አቃቂ ለመድረስ ብዙ ቆየን፣ ከዋናው መንገድ ገብተን ጭቃውን አቋርጠን ጋራዡ ስንደርስ ሰውየው ከመውጣቱ ነው ተባለ። ገላን ነው ቤቱ አሉን፤ ገላን ስንሄድ ሚስቱ አልመጣም አለች። ሻይ ካልጠጣችሁ ብላ ያዘችን። ረዳቱ ብስብስ ብሎ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አንድም ጊዜ ይቅርብን አላለም። የዚያን ቀን ገቢውን ማን እንደሚተካለት ስጠይቀው የሰማኝም አይመስልም።

ባዶ እጃችንን ስንመለስ መምህርቷ ሸራ የተወጠረበት ጀበና ቡና ቤት ውስጥ፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ ማራገቢያ ይዛ ከሰል ታቀጣጥላለች። እንባዋ ደርቋል። አንድ ሽማግሌ «እንግዳ ታሠሪያለሽ እንዴ አንቺ?» እያሉ ባለ ቡናዋን ይቆጧታል። እሷም «ቆማ ከምታለቅስ ብዬ ነው አባባ፤ እጇ ሥራ ሲይዝ ልቧ ይረጋል» አለቻቸው። ቀጥላም ሲኒ አስያዘቻትና ለደንበኞች አሳደለቻት። እንግሊዝኛ አንድ ቃል የማትችል ይህች ሴት የጁባውን ጎረቤቴን ጥበብ ከየት እንዳመጣችው እስካሁን ይገርመኛል።

ሊመሽ ሲል ሚኒባሱ ራሱ መጣ። ሹፌሩ መኪናውን ሲያጥብ ቦርሳውን ከኋላ ወንበር ሥር አግኝቶት፣ የስልኩ ባትሪ አልቆበት፣ የወረደችበትን አስታውሶ ነው የተመለሰው። ብር ስታወጣለት እጇን መለሰው። ከዚያ ትንሽ አመነታና በእኔ በኩል አስጠየቃት፦ ሴት ልጁ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ እንግሊዝኛ ይከብዳታል፣ መምህርቷ አንዳንድ ቀን ብታያትስ? መምህርቷ ከዚያ ሰዓት በፊት ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያው ሸራ ሥር ታስጠናታለች። ከሰፈሩ ሌሎች ልጆች ተጨምረዋል፤ ወንበር የምትለቅላቸው ባለ ቡናዋ ናት። የሹፌሩ ልጅ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች።