የቅዳሜና እሁድ የጅማ ጉዞ አዋጅ ቁጥር 74110

የአዲስ አበባ ሰው ሳምንቱን ሙሉ በታክሲ ሰልፍና በስብሰባ ሲንገላታ ሰንብቶ ቅዳሜ ሲደርስ እዚያው ሰፈሩ ካፌ በረንዳ ላይ ተጎልቶ የሰው አገር ባሕር ዳርቻ በስልኩ የሚያይ ሆኖ በመገኘቱ፤

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የማይነካት በመሆኗ፣ የባሕር በር ጉዳይም ከዚህ ምክር ቤት ሥልጣንም ከመኪናችን ነዳጅም በላይ ሆኖ ስለታየ፤

ከመዲናዋ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ርቆ ቡና ከጓሮ የሚለቀምበት አገር እያለ፣ እኛ ጀበናን የካፌ ጌጥ አድርገን ማኪያቶ ስናዝ መኖራችን የሚያሳፍር ሆኖ ስለተገኘ፤

የጓደኛሞች ምክር ቤት ባካሄደው አስቸኳይ ስብሰባ በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ (ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገው ስልኩን እየነካካ ነበር፣ ምን እንደተባለም አልሰማም) የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የጅማ ጉዞ አዋጅ ቁጥር 74110” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቀድሞ የወጡት 74109 አዋጆች የት አሉ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ቁጥሩ የመጣው ከቡና ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡናን ፍሬ ገና በእንጭጩ የሚያጠቁር በሽታ አገር ውስጥ ገብቶ ታየ። በጅማ አጠገብ በመልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ሰዎች የደቡብ ምዕራቡን ቡና እየዞሩ በሽታውን የሚችሉ ዛፎች መረጡ፤ ለተመረጡት ስም በማውጣት አልተጨነቁም፣ ቁጥር ሰጧቸው። በ1974 እ.ኤ.አ. የተመረጡት 74 ብለው ይጀምራሉ፣ 74110 አንዱ ነው። አገራችን በቁጥር የሚጠሩ አዋጆች ሞልተዋታል፤ የሚጠጣ ቁጥር ግን ይህ ነው።

አንቀጽ 2፤ ስለ መነሻ

መነሻው ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። “መንገድ ላይ ነኝ” ብሎ የሚመልስ ተጓዥ ለዚህ አዋጅ አፈጻጸም ሲባል ገና ከአልጋው እንዳልወረደ ይቆጠራል፤ ተቃራኒውን የማስረዳት ሸክም የራሱ ነው። “ደረስኩ” ያለ ደግሞ ፎጣ እየፈለገ ነው። የመንገዱን ሁኔታ ወልቂጤ ወይም ሰርቦ ዘመድ ያለው አርብ ማታ ደውሎ ያጣራል። ዘመድ አለኝ ብሎ ያልደወለ ኋላ ወንበር መሀል ይቀመጣል።

አንቀጽ 3፤ ስለ መንገድ

ሰበታና ቱሉ ቦሎ በእንቅልፍ ይታለፋሉ። ወሊሶ ላይ ቁርስ ይበላል፤ “አንዴ ጅማ እንግባና እዚያው እንበላለን” የሚል ሾፌር መሪው ከእጁ ይወሰዳል። ወልቂጤን አልፎ ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወረድ ጃኬት ይወልቃል፣ ዳገቱን ወጥቶ ሰኮሩ ሲደረስ መልሶ ይለበሳል። ሙዚቃ የሾፌሩ ምርጫ ነው። ይግባኝ የለውም።

አንቀጽ 4፤ ስለ ባሕር ዳርቻ

ባሕር የሌለው ሕዝብ ዳርቻ አይኑረው የሚል ሕግ ስለሌለ፣ ከሰኮሩ ወዲያ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ብልጭ የሚል ማንኛውም ውሃ ባሕር ሆኖ ተሰይሟል። የመጀመሪያው የግልገል ግቤ ግድብ የያዘው ሐይቅ ነው። በዳርቻው መቀመጥ፣ ፎቶ መነሳት፣ የፀሐይ መነጽር ማድረግና ዝናቡ ሲመጣ መሮጥ ተፈቅዷል። ሆኖም ይህ ውሃ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት በሚያመነጭ ጣቢያ ተቀጥሮ በሥራ ላይ ያለ ውሃ ነው፤ እንደ እኛ ቅዳሜ ዕረፍት የለውም፤ ገብቶ ማንቦራጨቅ የመንግሥት ሠራተኛን ከሥራ ማስተጓጎል ነው።

ሁለተኛው ዳርቻ ከጅማ ከተማ አፋፍ ያለው ቦዬ ነው። እዚያ ጉማሬዎች ከእኛ በፊት ሰፍረው ተገኝተዋል፤ ምክር ቤቱም ነባር ባለይዞታነታቸውን አክብሮ ካርታ ሳይጠይቃቸው አልፏል። ጉማሬ ሲያዛጋ ሳቀ ብሎ የተጠጋ ተጓዥ ላይ ለሚደርሰው ነገር ምክር ቤቱ ኃላፊነት አይወስድም።

አንቀጽ 5፤ ስለ ቡና

በቅድሚያ አንድ የቆየ ቅሬታ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ለውጭ ገበያ የበቃ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ለረጅም ዓመታት ሲከለክል ኖሯል። ከአገሪቱ ምርት ግማሽ ያህሉን እዚሁ የምንጠጣው እኛ ሆነን ሳለ ምርጡ የሊሙ ቡና ታጥቦ፣ ተለቅሞ፣ በጆንያ ተሰፍቶ ባሕር ይሻገራል። ለእኛ የሚደርሰን መርከቡ ያልፈለገው ነው። ሃምቡርግ ያለ ሰው ሊሙን ቀምሶ አበባ አበባ ይላል፣ ሎሚ ሎሚ ይላል እያለ ሲራቀቅ፣ የጅማ ልጅ ጎረቤት የሆንን እኛ “ቀጠነ” እና “ወፈረ” ከማለት ሳናልፍ ቀርተናል። የአጋሮ ገበሬ ግን ከጓሮው ዛፍ ለቤቱ የሚያስቀረውን ፈቃድ አይጠይቅበትም። በዚያው በአጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ቡና በ2012 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ምርጥ ተብሎ መመረጡን ልብ ይሏል። ምርጡን ለመቅመስ ቪዛ መለመን ቀርቷል፤ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት ይበቃል።

ስለዚህ ቡና የተፈላበት ማንኛውም ቤት የገባ ተጓዥ እስከ በረካ ይቀመጣል። አቦልን ጨልጦ “እንሂድ” ያለ፣ በቶና ሰዓቱን ያየ፣ ቄጠማው ላይ ተቀምጦ ዋይፋይ የጠየቀ ጥፋተኛ ነው። የተቆላው ቡና ሲዞር ጭሱን በእጅ ወደ ራስ መሳብ ግዴታ ሲሆን በስልክ መቅረጽ ምትክ አይሆንም። ቡና የምታፈላውን እንደ ዕድሜዋ “እናቴ” ወይም “እህቴ” ይሏታል፤ ጣቱን አጩሆ የጠራ ቡናው በጨው ይሰጠዋል። በጨው መጠጣት ለብዙ የገጠር ቤት ወግ እንጂ ቅጣት ስላልሆነ፣ ተቀጪው ወዶት ሊደግም ይችላል፤ ያኔ ምክር ቤቱ ሌላ ቅጣት ያስባል።

ቡና ቀላ የሚባለው በቅቤ የተቆላ ቡና ሲቀርብ “ይሄ ይበላል እንዴ?” ብሎ መጠየቅ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል።

ሊሙ ገነትንም፣ ጌራንም፣ አጋሮንም በሁለት ቀን አዳርሳለሁ የሚል ሰው የቡና ነጋዴ ወኪል እንጂ ጓደኛ ስላልሆነ ከመኪናው ይወርዳል።

አንቀጽ 6፤ የቡና መገኛ ክርክር ስለ መታገዱ

ከአጋሮ አለፍ ብላ ያለችው ጮጬ ቡና የተገኘው እዚህ ነው ትላለች፤ ቡናን አገኙ የሚባሉት እረኛውም ፍየሎቹም የእሷ ናቸው። ከጅማ 100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲኬድ ደግሞ ቦንጋ የቡና ሙዚየም ሠርታ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበላትን የካፋ ደን ከጀርባዋ አሰልፋ ትጠብቃለች። ተጓዥ በጮጬ ሲሆን ጮጬ፣ በቦንጋ ሲሆን ቦንጋ ብሎ ያምናል። ይህ አቋም የለሽነት አይደለም፤ በሁለቱም ቤት ሁለተኛ ሲኒ ያስገኛል። ፍየሎቹ ግን እንቅልፍ አጥተው ያደሩት የኛ ነው የእነሱ ነው ሲባል ሰምተው ሳይሆን አይቀርም።

አንቀጽ 7፤ ስለ ግብር

ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን ሲገዙ ለአፄ ምኒልክ በየዓመቱ ግብር እያስገቡ የውስጥ አስተዳደራቸውን አቆይተዋል። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የእንጨት ቤተ መንግሥታቸውን የጎበኘ ተጓዥ፣ በረንዳውን አድንቆ ብቻ ሳይሆን ዘዴውንም ተምሮ መመለስ አለበት። ስለሆነም ለጉዞው ሳይጋበዝ ቤት ለቀረ የትዳር አጋር፣ እናት ወይም አከራይ አንድ ጣሳ የጅማ ማርና አንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይገበራል። ግብሩን ያጓደለ ሰው የሚቀጥለው ቅዳሜ ራስ ገዝነቱ ይቀራል። ማሩን መንገድ ላይ በጣቱ የቀመሰ ደግሞ ቀማሽ ነኝ ብሎ አያመልጥም።

አንቀጽ 8፤ ስለ ሂሳብ

“በሞቴ እኔ ልክፈል” እያሉ የአስተናጋጅን እጅ መጎተት ክልክል ነው። በአንድ ጠረጴዛ ከአንድ ሞት በላይ አይጠራም። ሂሳብ ሲመጣ መታጠቢያ ቤት የሚሄድ ተጓዥ ሲመለስ ሂሳቡ እንዲጠብቀው ተወስኗል።

አንቀጽ 9፤ በምርቃና ስለሚገቡ ውሎች

በቅዳሜ ከሰዓት ምርቃና የተመሠረተ አክሲዮን ማኅበር፣ በጌራ የተገዛ የቡና እርሻ፣ በቦዬ ዳር የታቀደ ሎጅ (ጉማሬዎቹ ባለድርሻ ተደርገው ቢሆንም) እንዲሁም ለጅማ አባ ጅፋር እግር ኳስ ክለብ የ2010 ዓ.ም. ዋንጫ ሐውልት ለማቆም የተዋጣ ቃል ከእሁድ ጠዋት ጀምሮ ፈራሽ ነው። ሥራ አስኪያጅ ተብሎ የተሾመም ደመወዝ አይጠይቅም።

አንቀጽ 10፤ የተሻሩ ሕጎችና አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይካሄዳል የተባለ ማንኛውም ስብሰባ፣ ተሰብሳቢው እሁድ ማታ ግቤ ዳገት ላይ ከከባድ መኪና ኋላ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ በእሱ ላይ ተፈጻሚነት አይኖረውም።

ይህ አዋጅ አርብ ከሥራ መውጫ ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል፤ አለቃ በሌለበት መሥሪያ ቤት ግን ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ።