ሁለት ሰው፣ ስልሳ አንድ ቁልፍ

ፈረንሳውያኑ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሁለትዮሽ ዳፍት ፐንክ ስማቸውን ያገኙት ከስድብ ነው። ዳርሊን የተባለው የቀድሞ ባንዳቸው ሥራ ያልጣመው አንድ የእንግሊዝ መጽሔት የወረወረውን ቃል አንስተው ለበሱት። መልካቸውን ያገኙት ደግሞ፣ ራሳቸው እንደሚተርኩት፣ ከአደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1999፣ በእነሱ ሰዓት ከጠዋቱ 9፡09 ላይ፣ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠሩበት ሳምፕለር ጉድ ሠራቸው፤ ሁለቱም ሮቦት ሆነው ነቁ። ቀንና ሰዓቱ ሲደረደር ሰባት ዘጠኝ አለበት። ያን ያህል ዘጠኝ የትኛውም ማሽን አይችልም።

ይህ ታሪክ አዲስ አበባ ልደታ፣ አብነት ሰፈር ላይ አይሠራም። በዚያች ቅጽበት አብነት ጳጉሜን 4 ቀን 1991 ዓ.ም. ላይ ነበር፤ ሰዓቱም ከረፋዱ 4፡09። ከሰባቱ ዘጠኞች የተረፉት ሦስት ናቸው፤ በሦስት ዘጠኝ ደግሞ ሮቦት ቀርቶ ፊውዝም አይቃጠል። ስለዚህ የሰፈሩ የኤሌክትሮኒክ ሁለትዮሽ፣ በየሠርግ ድንኳኑ ጥግ የሚገኙት ድምፃዊና ኪቦርዲስት ማለት ነው፣ በሌላ መንገድ መጥተዋል።

መንገዱ መቀነስ ይባላል።

ስሌቱ ከ40 ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ አርመናውያን አዲስ አበባ አመጡ፤ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነትም የነሐስ ባንድ ሆኑ፣ «አርባ ልጆች» ተባሉ። ኋላ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች መጡ፤ ከዚያ በጣት የሚቆጠሩ አባላት ያሏቸው የሆቴል ባንዶች። እ.ኤ.አ. በ1974 ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ ሌሊቱ ራሱ ተቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1983 ያማሃ ዲኤክስ7 የተባለውን ኪቦርድ ገበያ አወጣ፦ 61 ቁልፍ፣ ውስጡ ነሐሱም ቤዙም ያለበት። የሠርግ ኮሚቴ ሒሳብ ለሚያውቅ ሰው ቀሪው ግልጽ ነው። ትሮምፔት ነፊ ምሳ ይበላል፤ የትሮምፔት ቁልፍ አይበላም።

በእርግጥ ሁለትዮሹ ከመብራት በፊትም ነበረ የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ማሲንቆ የሚመታ አዝማሪና አብራው የምታዜም ሴት እኮ ሁለት ናቸው። ተቃውሞው ጠንካራ ነው፤ ማሲንቆ ግን ክሩ አንድ ሲሆን ሶኬት አይፈልግም፤ ስለዚህ ለጥናቱ አይመችምና ይታለፋል።

የሠርግ ድንኳኑን ኪቦርድ ቀረብ ብሎ ለሚያይ፣ የምት ዝርዝሩ ውስጥ ዋልስ አለ፣ ሩምባ አለ፣ ቦሳ ኖቫም አለ፤ ችክችካን ግን ኪቦርዲስቱ ራሱ ሠርቶ ማስገባት አለበት። ከቁልፎቹ በስተግራ ያለችው ትንሽ መንኮራኩር ድምፅ ታጎብጣለች፤ አምባሰል ላይ የማሲንቆው ለቅሶ የሚወጣው ከእሷ ነው፣ በአውራ ጣት። ከሦስተኛው ዘፈን በኋላ ድምፃዊው ዞር ሳይል ከጀርባው ጣቱን ወደ መሬት ይቀስራል። ጉሮሮው ደክሟል፤ ቃናው ዝቅ ይበል ነው። ኪቦርዲስቱ አንዲት ቁልፍ ይጫናል፣ የሙሽራው አጎትም ግንባሩ ላይ መቶ ብር ይለጥፍለታል፣ ብሩ ወርዶ ፋ ላይ ያርፋል።

የመቀነሱ ጥግ ግን ኃይሉ መርጊያ ነው። በአዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት ከነበረው ዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ለኮንሰርት አሜሪካ ሄደና ዋሽንግተን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ካሴት ላይ አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም የሚጫወተው እሱ፣ ከበሮውን የሚመታው ማሽን ነው። ሁለተኛው አባል አላረፈደም፣ አላኮረፈም፣ ጭማሪ አልጠየቀም። በኋላ ኃይሉ የአየር ማረፊያ ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ እጅ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ታተመ፤ ባለ ታክሲውም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ።

ባትሪ የምትለዋ ቃል ልብ ትባል። የአብነቱ ድንኳን ኪቦርድ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከሙሽራዋ ቤት በመስኮት በወጣ ኬብል ነው፤ በዚያው ኬብል ላይ ሞንታርቦውም አምፖሎቹም ተንጠልጥለዋል። መብራት ሲሄድ 61ዱም ቁልፍ ባንዴ ዝም ይላል። ድምፃዊው አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ከድንኳኑ ማዶ፣ ከወጥ ቤቱ በኩል፣ እናቶች ከበሮ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ሁለትዮሹም እንደገና ብዙ ሰው ይሆናል። ኪቦርዲስቱ መብራት እስኪመጣ ያጨበጭባል። ክፍያው ላይ ቅናሽ የለም።